ጠላት ሆነው የሚመጡ የጠፈር ባዕዳን፦ የመጀመሪያውን ግንኙነት በልብ ወለድ የመጻፍ መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው የሰው ልጅ ከሌላ ኮከብ ከመጡ ፍጡራን ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኝና ግንኙነቱም ወደ ጠብ ሲያመራ የሚያሳይ የጠፈር ጀብዱ በአማርኛ ለመጻፍ ላሰቡ ሰዎች ነው። እንዲህ ያለው ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው ጸሐፊው ስለ ባዕዳኑ መልክ ብዙ አስቦ ስለ ርቀቱ ሳያስብ ሲቀር ነው። ባዕዳኑ ለምን እንደተቆጡ፣ ከመድረሳቸው ስንት ቀን ቀድመው እንደሚታዩ፣ አዛዡም ከምድር ትእዛዝ ለመቀበል ስንት ሰዓት መጠበቅ እንዳለበት የሚወስነው ርቀት ነው። ስለዚህ ሥራውን በወረቀት፣ በእርሳስና በካልኩሌተር እንጀምራለን፤ አንድ ናሙና ታሪክም ከደረጃ ደረጃ እየገነባን እንሄዳለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ቦታውን መምረጥና የርቀት ሰንጠረዥ ማዘጋጀት

ታሪኩ የሚካሄድባቸውን ቦታዎች ሁሉ በተርታ ይጻፉና በእያንዳንዱ ትይዩ ብርሃን ከዚያ ወደ ምድር ለመድረስ የሚወስድበትን ጊዜ ያስፍሩ። ብርሃንም ሆነ የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ከጨረቃ የተላከ መልእክት በ1.3 ሰከንድ፣ ከማርስ የተላከ እንደ ፕላኔቶቹ አቀማመጥ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ፣ ከኔፕቱን የተላከ በ4 ሰዓት ገደማ፣ ለፀሐይ ቅርብ ከሆነው ኮከብ ከፕሮክሲማ ሴንታውሪ የተላከ ደግሞ ከ4 ዓመት በላይ ቆይቶ ይደርሳል። የመንኮራኩር ጉዞ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አዝጋሚ ነው፤ በ1977 የተወነጨፈችው ቮዬጀር 1 በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትጓዝም የፕሮክሲማን ያህል ርቀት ለመሸፈን ከ70 ሺህ ዓመት በላይ ያስፈልጋታል።

ለናሙናችን የምንመርጠው የኔፕቱን ትልቋ ጨረቃ በሆነችው በትራይተን ላይ የተተከለ አነስተኛ የምርምር ጣቢያ ነው። ጥያቄ ልኮ መልስ ለማግኘት ከ8 ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ የጣቢያው አዛዥ በራሷ ኃላፊነት ለመወሰን ትገደዳለች፤ ሆኖም ምድር ከታሪኩ እስክትወጣ ድረስ አልራቀችም። ጣቢያውን ጨረቃ ላይ ብናደርገው አዛዧ አለቆቿን በስልክ እንደማነጋገር ይሆንላትና ጭንቀቱ ይጠፋል።

ከብርሃን የሚፈጥን ጉዞ ለመጠቀም የሚፈልግ ጸሐፊ ጉዞው ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ከየት ወደ የት ብቻ እንደሚቻልና ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል አስቀድሞ ጽፎ ያስቀምጥ፤ ከዚያም በኋላ ሕጉን አይጣስ። በእኔ እምነት ግን ለመጀመሪያ ሥራ ይህ ዓይነቱ ጉዞ ቢቀር ይሻላል፤ ምክንያቱም ከዚህ ቀጥሎ የምናየውን የጠብ መነሻ ከሥሩ ይነቅለዋል።

ደረጃ 2፦ ጠቡ ከየት እንደመጣ መወሰን

ይህ ደረጃ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ይገባዋል። «ባዕዳኑ ክፉዎች ስለሆኑ ወረሩን» የሚለው ምክንያት ለአንድ ገጽ እንኳ አይበቃም፤ «ውኃችንን ሊዘርፉ መጡ» የሚለውም ቢሆን በረዶ በየኮከቡ ዙሪያ እንደ ልብ የሚገኝ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ የሚቀበለው አይደለም። የሚያሳምን ጠብ ሁለቱም ወገኖች በየራሳቸው ዓይን ትክክል ሆነው ሳለ፣ በመካከላቸው ባለው ርቀትና መዘግየት ምክንያት የሚፈጠር ነው።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ጠፈር ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ በ1863 ለንደን ቢደርስም መልስ ሳይሰጠው ተቀመጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ዝምታውን እንደ ንቀት ቆጠሩት፤ በ1864 መጀመሪያም የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ። የንግሥቲቱን መልስ የያዘው ሆርሙዝድ ራሳም በ1866 ንጉሡ ዘንድ ሲቀርብ በክብር ቢቀበሉትም ውሎ አድሮ እሱም ከእስረኞቹ ጋር ተደባለቀ፤ ነገሩ በሚያዝያ 1868 በመቅደላ የተቋጨበትን ሁኔታ አንባቢ ያውቀዋል። አንድ የጠፈር ጸሐፊ ከዚህ የሚወስደው የጦርነቱን ዝርዝር ሳይሆን የነገሩን አካሄድ ነው፤ መልእክት ይላካል፣ ዝምታ ይከተላል፣ ዝምታው ይተረጎማል፣ ዘግይቶ የመጣ መልስም የተጀመረውን ነገር መመለስ ያቅተዋል።

አሁን ይህንን አካሄድ በኮከቦች ርቀት እናስላው። ባዕዳኑ ከእኛ 12 የብርሃን ዓመት ገደማ በሚርቀው በታው ሴቲ ኮከብ ዙሪያ ይኖራሉ እንበል። በዓመት ዜሮ ወደ ምድር መልእክት ይልካሉ፤ መልእክቱ በ12ኛው ዓመት ይደርሳል፤ መልስ ወዲያው ቢላክ እንኳ እነሱ ዘንድ የሚደርሰው በ24ኛው ዓመት ነው። መልስ አጥተው ስድስት ዓመት ይታገሡና በ30ኛው ዓመት በብርሃን ፍጥነት አንድ አሥረኛ የሚጓዝ መርከባቸውን ያስነሣሉ። ጉዞው 120 ዓመት ስለሚፈጅ ወደ እኛ የሚደርሱት በ150ኛው ዓመት ነው። ዕድሜያቸው እንደ እኛ ከሆነ፣ ንቀቱ የተፈጸመባቸው ሰዎች ሞተው ቂሙን በውርስ የተቀበሉ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው የሚመጡት።

በዚህ ላይ ምድር ዘግይታ፣ ለምሳሌ በ40ኛው ዓመት፣ መልስ ላከች እንበል። መርከቡ ወደ እኛ እየመጣ፣ መልሱም ወደ እነሱ እየሄደ በ50ኛው ዓመት መንገድ ላይ ይገናኛሉ፤ በዚያን ጊዜ መርከቡ ከተነሣ 20 ዓመት ሆኖታል፣ ከእኛ የቀረውም ርቀት 10 የብርሃን ዓመት ነው። ታዲያ ይቅርታ የሚጠይቀውን መልስ ከሰሙ በኋላ ለምን አልተመለሱም? መርከቡ የያዘው ነዳጅ ለአንድ ጊዜ ማቆሚያ ብቻ ከሆነ መልሱ ግልጽ ነው፤ በባዶ ጠፈር መካከል ቢያቆሙ ዳግመኛ ሊነሡ አይችሉም። ስለዚህ ቀሪውን 100 ዓመት ለጠብ ያልተነሡ፣ ነገር ግን መመለሻ የሌላቸው ተጓዦች ሆነው ይመጣሉ። ሲደርሱ የሚፈልጉት በቀልን ሳይሆን ነዳጅን፣ ማለትም ኔፕቱን በብዛት የያዘችውን ሃይድሮጅን ነው፤ የሰው ልጅ ግን ይህንን አያውቅም። ታሪኩን የሚሸከመው ይህ ያለማወቅ ነው።

የእርስዎ ታሪክ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ምክንያቱን ግን በሁለት ዓምድ፣ አንዱን በሰው ወገን ሌላውን በባዕዳኑ ወገን ሆነው ይጻፉት፤ የባዕዳኑ ዓምድ ከሰዎቹ ካጠረ ሥራው አላለቀም።

ደረጃ 3፦ አመጣጣቸውን በቁጥር መወሰን

ከሌላ ኮከብ የሚመጣ መርከብ ድንገት ከመስኮት ውጭ ብቅ አይልም። ፍጥነቱን መቀነስ አለበት፤ ለመቀነስም ሞተሩን ወደፊት፣ ማለትም ወደ እኛ አዙሮ ማቀጣጠል ይኖርበታል። በምድር ስበት ልክ እየቀነሰ ከብርሃን ፍጥነት አንድ አሥረኛ ወደ ዜሮ ለመውረድ 35 ቀን ገደማ ይወስድበታል፤ ይህንንም የሚጀምረው ከጣቢያው 46 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሳለ ነው። የሞተሩ ብርሃን ጣቢያው ለመድረስ ከ42 ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ ሠራተኞቹ እሳቱን ሲያዩ እንግዶቹ ሊደርሱ 33 ቀን ተኩል ያህል ቀርቷቸዋል። ይህ ለአጭር ልብ ወለድ የተመቸ ጊዜ ነው። ረጅም ልብ ወለድ ከሆነ ቅነሳውን አሥር እጥፍ ያለዝቡት፤ ያን ጊዜ ማቆሚያው አንድ ዓመት ገደማ ይፈጅና ምድር ለመደናገጥ፣ ለመከራከርና ለመከፋፈል በቂ ጊዜ ታገኛለች።

እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊዎች የሚያልፉት ትልቅ ጥያቄ አለ። በብርሃን ፍጥነት አንድ አሥረኛ የሚበር 1 ኪሎ ግራም ድንጋይ የሚሸከመው ጉልበት ከ100 ሺህ ቶን በላይ ከሆነ የቲኤንቲ ፍንዳታ ጋር ይስተካከላል፤ ይህም በሂሮሺማ ላይ ከተጣለው ቦምብ ሰባት እጥፍ ገደማ ነው። ማጥፋት ብቻ የሚፈልግ ጠላት ፍጥነቱን ሳይቀንስ ጥቂት ቶን ድንጋይ ለቆ ማለፍ ይበቃዋል። ስለዚህ ፍጥነቱን የሚቀንስ ጠላት የሚፈልገው ነገር አለው ማለት ነው። በናሙናችን ውስጥ ይህንን መጀመሪያ የሚረዳው ከጣቢያው ሠራተኞች አንዱ ቢሆን መልካም ነው፤ ሌሎቹ ስለ መሣሪያ ሲጨቃጨቁ እሱ «ሊገድሉን ቢፈልጉ ኖሮ አያቆሙም ነበር» ይላል፣ ሰሚ ግን አያገኝም።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያውን ምልክት መጻፍ

ምልክቱ አጠራጣሪ ይሁን። በ1967 በካምብሪጅ በየ1.33 ሰከንዱ የሚደጋገም የሬዲዮ ምልክት ሲገኝ ተመራማሪዎቹ በቀልድ መልክ የባዕድ ፍጡራን ስም ሰጥተውት ነበር፤ ኋላ ግን የሚሽከረከር ኮከብ፣ ማለትም ፑልሳር፣ ሆኖ ተገኘ። በነሐሴ 1977 በአሜሪካ ኦሃዮ የተመዘገበው የ72 ሰከንድ ምልክት ደግሞ ከዚያ በኋላ ተደግሞ አልተገኘም። ልምድ ያለው ባለሙያ እንግዳ ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የራሱን መሣሪያ ነው፤ ቀጥሎ ሰው ሠራሽ ነገርን፣ ከዚያም ተፈጥሮን። ገጸ ባሕርይዎ ሦስቱንም ጥርጣሬዎች በቅደም ተከተል ያጣራ።

በናሙናችን የሌሊት ተረኛው በካርታ ላይ ኮከብ በሌለበት ቦታ አንድ የብርሃን ነጥብ ያያል። ወደ እኛ የሚመጣ ነገር ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ስለሚያዘነብል፣ ይህ ነጥብም እንዲሁ ሆኖ ይገኛል፤ ነገር ግን ማዘንበሉ በየቀኑ እያነሰ ይሄዳል። ኮከብ በራሱ ፈቃድ ፍጥነቱን አይቀንስም። ይህን ትዕይንት በአጭሩ ይጻፉት።

ደረጃ 5፦ ሠራተኞቹንና የትእዛዝ ሰንሰለቱን ማቋቋም

ለአጭር ሥራ አምስት ወይም ስድስት ሰው ይበቃል። እያንዳንዳቸው ሥራ ይኑራቸው፤ ሥራ የሌለው ገጸ ባሕርይ በጠፈር ጣቢያ ውስጥ አየር ከመጨረስ በቀር ፋይዳ የለውም። የዓለም አቀፉ የአስትሮኖቲክስ አካዳሚ በ1989 ያወጣው የመርሖዎች መግለጫ፣ ከምድር ውጭ የመጣ ምልክት ሲገኝ መጀመሪያ እንዲረጋገጥ፣ ለሌሎች ተመራማሪዎች እንዲነገርና ዓለም አቀፍ ምክክር ሳይደረግ መልስ እንዳይሰጥ ይላል። አስገዳጅ ሕግ ባይሆንም ለታሪክ ጸሐፊ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ምክንያቱም መርሑን የሚያከብር ሰው እንደገና ዝም ይላል፣ ጠቡን የወለደውም ዝምታ ነበር። አዛዧ መርሑን እንድትጠብቅ፣ የሬዲዮ ባለሙያው ደግሞ እንዲለምናት ያድርጉ።

የአነጋገሩን ወግ አስቀድመው ይወስኑ። ወጣቱ ተረኛ አዛዧን «ሻለቃ፣ እባክዎ አንድ ነገር ይመልከቱልኝ» ቢላት፣ ዕድሜው የገፋውን የሞተር ባለሙያ ግን «ጋሼ» እያለ ቢጠራው፣ የሁለቱ ግንኙነት ያለ ማብራሪያ ይገባል። ግድግዳው ሲበሳ ያው ወጣት «አንቺ፣ ውጪ!» ብሎ ቢጮህ የአደጋውን መጠን ከብዙ ገለጻ በላይ ያሳያል። «ጓድ» የሚለውን መጠሪያ ግን ይተዉት፤ የእኛን አንባቢ ከኔፕቱን አንሥቶ ሌላ ዘመን ውስጥ ይጥለዋል።

ደረጃ 6፦ ባዕዱን መቅረጽና ማናገር

አካሉን ከመኖሪያው ያውጡት። ዝቅተኛ ስበት ባለበት ያደገ ፍጡር ቀጭንና ረጅም፣ ከውቅያኖስ በረዶ ሥር የኖረ ደግሞ ዓይን የሌለው ሊሆን ይችላል። ሁለት ወይም ሦስት ዝርዝር ይበቃል፤ ሙሉ አካሉ ሳይታይ ቢቆይ ፍርሃቱ ይበረታል።

ከባዱ ነገር ሰዋስው ነው። የአማርኛ ግስ ጾታንና ቁጥርን ሳይገልጽ አንድ እርምጃ አይሄድም፤ «መጣ» ሲሉ ወንድ፣ «መጣች» ሲሉ ሴት ወይም ያቀረቧት ነገር፣ «መጡ» ሲሉ ብዙዎች ወይም የተከበረ አንድ ሰው ይሆናል። ስለዚህ መርከቡንና በውስጡ ያሉትን በምን እንደሚጠሩ ከመጀመሪያው ይወስኑ፤ ለውጥ ሲኖርም ሆን ብለው ያድርጉት። እኔ የምመክረው እስኪታዩ ድረስ «ነገሩ»፣ ከታዩ በኋላ «እነሱ»፣ አንዱ ተለይቶ ከታወቀ በኋላ ብቻ «እሱ» ወይም «እሷ» እንዲባል ነው። የኮምፒውተሩ አስተርጓሚ የባዕዳኑን የመጀመሪያ መልእክት ሲያወጣም ይህ ጥያቄ ይመለሳል። «እጅ ስጡ» እና «እጅ ይስጡ» አንድ ዓይነት ዛቻ አይደሉም፤ ሁለተኛው ማክበርም ሊመስል ይችላል፣ የሬዲዮ ባለሙያውም ተስፋውን በዚያ ላይ ሊገነባ ይችላል።

የጋራ ቋንቋ ከቁጥር ይጀመር። በኅዳር 1974 ከአሬሲቦ ቴሌስኮፕ ወደ ኤም 13 የኮከብ ክምችት የተላከው መልእክት 1679 ቢት፣ ማለትም ዜሮ ወይም አንድ የሆኑ ነጥቦች፣ ነበረው፤ ይህ ቁጥር የ23 እና የ73 ብዜት ብቻ በመሆኑ ተቀባዩ ነጥቦቹን በአራት ማዕዘን ደርድሮ ሥዕል እንዲያገኝ የታሰበ ነው። ሁለቱ ቮዬጀሮች የያዙት የወርቅ ቅብ ሸክላ ደግሞ በ55 ቋንቋዎች ሰላምታ ያቀርባል፤ አማርኛ ከመካከላቸው የለም። ቅር ቢያሰኝም ለእኛ ጸሐፊዎች ባዶ ቦታ ትቶልናል።

ደረጃ 7፦ ግጭቱን መጻፍ

በ1967 የተፈረመው የጠፈር ስምምነት የኑክሌር መሣሪያን በምሕዋርም ሆነ በሰማይ አካላት ላይ ማስቀመጥ ስለሚከለክል፣ የምርምር ጣቢያው የጦር መሣሪያ እንደሌለው ቢቆጠር ተገቢ ነው። ሠራተኞቹ በእጃቸው ያለውን ይጠቀሙ፤ በረዶ የሚቆርጥ ሌዘር፣ የጭነት መንኮራኩር ሞተር፣ ወደ ጠላት መንገድ የሚወረወር የበረዶ ክምር ለዚህ ይበቃል።

ከዚያ ሦስት የተፈጥሮ ሕጎችን ያክብሩ። በመጀመሪያ፣ በጠፈር ድምፅ የለም፤ ፍንዳታ በብርሃን ብቻ ይታያል። ድምፁን ከውስጥ ያምጡት፤ የሚንቋቋ ብረት፣ ድንገት የቆመ የአየር ማራገቢያ፣ በራስ ቁር ውስጥ የሚሰማ የገዛ ትንፋሽ።

ቀጥሎ የማነጣጠር ችግር አለ። ጠላት በ300 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ካለ የምናየው ከ1 ሰከንድ በፊት የነበረበትን ቦታ ነው፤ የሌዘር ጨረራችንም ለመድረስ ሌላ 1 ሰከንድ ይፈልጋል። በእነዚህ 2 ሰከንዶች ውስጥ በምድር ስበት ልክ የሚገፋ መንኮራኩር ከተገመተበት ቦታ 20 ሜትር ያህል ይሸሻል። ርቀቱ አሥር እጥፍ ቢሆን ግን ስሕተቱ መቶ እጥፍ አድጎ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከሩቅ የሚተኩስ በግምት ይተኩሳል፣ ቀርቦ የሚተኩስም ራሱን ያጋልጣል፤ የአዛዧ ጭንቀት በእነዚህ ሁለቱ መካከል ይመላለስ።

ሦስተኛው ሙቀት ነው፤ ከሁሉም የሚበልጥ ትዕይንት ያለውም እዚህ ነው። ጠፈር ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ስለሆነ የሚሞቅ ነገር ሁሉ በኢንፍራሬድ፣ ማለትም ሙቀትን በሚያይ፣ መሣሪያ ጎልቶ ይታያል፤ አየር ስለሌለም ሙቀት የሚወጣው በጨረር መልክ ብቻ ነው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ትላልቅ ራዲያተሮቹን ዘርግቶ እስከ 70 ኪሎ ዋት ሙቀት ያስወግዳል። የእኛ ሠራተኞች ለመደበቅ ራዲያተሮቻቸውን ሊያጥፉ ይችላሉ፤ ግን ሙቀቱ ውስጥ ይከማቻል። በዚያ ቅዝቃዜ መካከል ሰዎች በላብ ተጠምቀው፣ መብራት አጥፍተው፣ ቴርሞሜትሩ በየሩብ ሰዓቱ ሲጨምር እያዩ ዝም ብለው የሚቀመጡበት ምዕራፍ ከአሥር የሚሳይል ልውውጥ የበለጠ አንባቢን ይይዛል። ገደቡን በቁጥር ይወስኑና በዚያ ይቁረጡት።

ፍጻሜው በምንም ይሁን፣ ዜናው ምድር የሚደርሰው ከ4 ሰዓት በኋላ ነው። ጣቢያው ቢጠፋም ቢድንም በምድር ያሉ ሰዎች ለ4 ሰዓት ያህል የቆየ እውነት ይዘው ይሰበሰባሉ፣ ይወስናሉ፣ ምናልባትም «ተኩሱ» የሚል ትእዛዝ ይልካሉ። በናሙናችን አዛዧ ከእንግዶቹ ጋር ተስማምታ ነዳጅ መቅዳት ከጀመሩ በኋላ ይህ ትእዛዝ ይደርሳታል።

ደረጃ 8፦ ረቂቁን መጻፍና መፈተሽ

የመጀመሪያውን ረቂቅ ከአዛዧ ዓይን ብቻ ይጻፉ፤ የባዕዳኑን ሐሳብ በቀጥታ ካሳዩ ደረጃ 2 ላይ የደከምንበት አለማወቅ ይፈርሳል። ቀኖቹን በጎን ያስፍሩ፣ ከርቀት ሰንጠረዡም ጋር ያመሳክሩ፤ በተለይ ከምድር የሚመጣ እያንዳንዱ መልእክት ከ8 ሰዓት በፊት ለተባለ ነገር የተሰጠ መልስ መሆኑን ያረጋግጡ። የጠፈር ቃላትን በተመለከተ መንኮራኩር፣ ምሕዋር፣ ስበት፣ ጨረር የመሳሰሉት የታወቁ ስለሆኑ ማብራሪያ አይሹም፤ ሌዘርና ራዲያተርም እንዲሁ ይለፉ። አዲስ ቃል ከፈጠሩ ግን በአንድ ምዕራፍ ከሁለት አይብለጥ።

ረቂቁ ሲያልቅ ለሁለት ሰዎች ይስጡት። አንዱ ፊዚክስ የሚወድ ይሁንና ቁጥሮቹን ይፈትሽ። ሌላው የጠፈር ታሪክ አንብቦ የማያውቅ ይሁን፤ ለእሱ «ባዕዳኑ ለምን መጡ?» የሚል ጥያቄ ብቻ ያቅርቡለት። መልሱ «ክፉዎች ስለሆኑ» ከሆነ ሁለቱን ዓምዶች እንደገና ያውጡና የባዕዳኑን ያርዝሙ።